ጨለማን በመብራት የሠሩ ሰዎች

አንድ የኢንሹራንስ ሻጭ የደንበኛውን በር ይደውላል። ደንበኛው የለም፤ ሚስቲቱ አለች። ሳሎን ገብቶ ይጠብቃታል። ውጭ የካሊፎርኒያ ፀሐይ ያቃጥላል፤ ውስጡ ግን ድንግዝግዝ ብሏል። መስኮቱ ላይ፣ ቢሮ ቤቶች ውስጥ የምናውቀው፣ በገመድ ሲስቡት የሚከፈትና የሚዘጋው ባለዘርዛራ መጋረጃ ተሰቅሏል። ፀሐይዋ በመሃሉ እየሾለከች ግድግዳው ላይ እንደ አለንጋ ሰንበር ታርፋለች። አየሩ ላይ አቧራ ይንሳፈፋል።

ይህ እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው «ደብል ኢንደምኒቲ» መጀመሪያ አካባቢ ያለ ትዕይንት ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አቧራ መስሎ የሚታየን የአሉሚኒየም ብናኝ ነው። የፊልሙ የካሜራ ባለሙያ ጆን ሳይትዝ አየር ላይ እየነፋ ነበር ያንን መልክ ያመጣው። እስቲ አስቡት። አንዲት ጨረር በደንብ እንድትታይ ብሎ ብረት በትኖ ማንሳፈፍ! በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ እንዲህ ያሉ የወንጀል ፊልሞች ፊልም ኖዋር ይባላሉ። ዛሬ ብዙ ሰው ፊልም ኖዋር ሲባል ጨለም ያለ ፊልም ማለት ይመስለዋል። እነዚያ ሰዎች ግን ቀን ከሌት የሚጨነቁት ስለ ብርሃን ነበር።

ነገሩን ያነሳሁት የዛሬ ፊልም ጨለመብን የሚለው ቅሬታ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በየቦታው ስለሚሰማ ነው። በኤፕሪል 2019 «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ትልቁን የሌሊት ጦርነት ያሳየ ቀን፣ ብዙ ተመልካች ማን ማንን እንደገደለ በቅጡ ሳያይ ነው ክፍሉን የጨረሰው። የካሜራ ባለሙያው በበኩሉ ጨለማው ታስቦበት የተሠራ ነው፣ ሰዉ ቴሌቪዥኑን በደንብ አላስተካከለም ብሎ ተከራከረ። በሌላ በኩል ጥቁርና ነጭ እየተመለሰ ነው። የጊዬርሞ ዴል ቶሮ «ናይትሜር አሊ» በቀለም ከወጣ በኋላ በጥቁርና ነጭ ጭምር ለእይታ ቀረበ። በ2024 ደግሞ ስምንት ክፍል ያለው የኔትፍሊክሱ «ሪፕሊ» ከሞላ ጎደል በጥቁርና ነጭ መጣ፤ የካሜራ ባለሙያው ሮበርት ኤልስዊትም የኤሚ ሽልማት ወሰደ። ጨለም ያለ ነገር ሁሉ «ኖዋር» እየተባለ ነው። ስለዚህ ቃሉ ምን እንደሚል ረጋ ብሎ ማየት ደግ ነው።

መብራት ሲጠፋ ሻማ ወለል ላይ አስቀምጦ የሚያውቅ ሰው የኖዋርን ግማሽ ያውቀዋል። ጥላችን ግድግዳውን ወጥቶ ጣሪያው ላይ ይታጠፋል። የገዛ ወንድማችን ፊት ከታች ሲበራ ሌላ ሰው ይመስላል። ያንኑ ሻማ አንስተን ቁም ሳጥኑ ላይ ስናደርገው ቤቱ ተመልሶ ቤት ይሆናል። ሻማው ያው አንድ ሻማ ነው፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው።

የ1930ዎቹ ሆሊውድ ኮከቦቹን የሚያበራው በተለመደ መንገድ ነበር። አንድ ዋና መብራት ፊት ላይ ያርፋል። ሌላ አጋዥ መብራት ከጎን ሆኖ ጥላውን ያለሰልሳል። ሦስተኛው ከኋላ መጥቶ ፀጉርን ያበራል። ሁሉም ሰው ያምራል። የኖዋር ሰዎች አጋዡን መብራት አጠፉት ወይም አዳከሙት። ዋናውንም ወደ ጎን፣ አንዳንዴም ወደ ታች ወሰዱት። ፊቱ ግማሹ ነጭ ግማሹ ድቅድቅ ሆነ። ልብ በሉ፤ ጥቁሩ እንዲያ የሚጠቁረው አጠገቡ ቦግ ያለ ነጭ ስላለ ነው። ዛሬ ካሜራው በትንሽ ብርሃንም ማየት ይችላል። ስለዚህ ብዙ መብራት ሳይተክሉ ቀርጾ፣ ቀለሙን ኋላ ኤዲቲንግ ላይ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። እንዲህ ሲሠራ ብዙ ጊዜ የሚወጣው አመድማ ነገር ነው። ነጭም የለው፣ ጥቁርም የለው። ዓይናችን የሚደክመው በጨለማው ሳይሆን በአመዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ሥራ ሀንጋሪ የተወለደውን ጆን አልተንን የሚያህል ለእኔ የለም። የ1955ቱን «ዘ ቢግ ኮምቦ» የመጨረሻ ትዕይንት አይታችሁ ከሆነ አትረሱትም። ጭጋግ አለ። ከወዲያ አንድ መብራት አለ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጥላቸው ብቻ ይታያል፤ ፊት የላቸውም። ሌላ ምንም የለም። አየር ማረፊያ መሆኑን እናምናለን፣ ሌሊት መሆኑን እናምናለን፣ የተጎዱ መሆናቸውንም እናምናለን።

ይህ አሠራር ከሰማይ ዱብ አላለም። ከበርሊን ነው የመጣው። በ1920 የወጣው «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ» በተባለው የጀርመን ፊልም ቤቶቹ ጠማማ ናቸው፤ ጥላው ሳይቀር ግድግዳው ላይ በቀለም ተስሏል። አገር ምድሩ የታመመ ሰው እንደሚያየው ሆኖ ነው የሚታየው። በዚያ አገር ሙያ የተማሩ ብዙ ሰዎች ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ተሰደዱ። ፍሪትዝ ላንግ ወጣ። ሮበርት ሲዮድማክ ወጣ። ያን ጊዜ የስክሪፕት ጸሐፊ የነበረው ወጣቱ ቢሊ ዋይልደርም ወደ ፓሪስ፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። እናቱ አልወጣችም። ናዚዎች ገደሏት።

«ደብል ኢንደምኒቲ»ን ዳይሬክት ያደረገው ይህ ዋይልደር ነው። ፊልሙን ሳይ ሁልጊዜ ይህ ይታወሰኛል። እነዚህ ሰዎች ሰላምታ ሲሰጣቸው የኖረ ጎረቤት በአንድ ሰሞን ሲለወጥ በዓይናቸው አይተዋል። ሥራውን የሚያከብር፣ ክራቫቱን አስተካክሎ የሚያስር ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከመጽሐፍ አልተማሩትም። የኖዋር ገጸ ባሕሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ሽፍታ አይደለም። ደመወዝተኛ ነው። ጥፋት መሆኑን እያወቀ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም።

ታሪኩ ግን አሜሪካዊ ነበር። በርካሽ ወረቀት ታትመው በየኪዮስኩ ከሚሸጡ የወንጀል መጽሔቶችና መጻሕፍት ነው የተቀዳው። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ዳሽየል ሃሜት ራሱ ፒንከርተን በተባለው የግል ምርመራ ድርጅት መርማሪ ሆኖ ሠርቷል። ሬይመንድ ቻንድለር በ1932 ከነዳጅ ኩባንያ ሲባረር 44 ዓመቱ ነበር፤ የወንጀል ታሪክ መጻፍ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ጄምስ ኤም. ኬይን ጋዜጠኛ ነበር። በ1927 ኒው ዮርክ ውስጥ ሩት ስናይደር የተባለች ሴት ባሏ ሳያውቅ ከፍተኛ የሕይወት ዋስትና አስገባችለት፤ ከዚያም ከውሽማዋ ጋር ሆና ገደለችው። ውሉ ሞቱ አደጋ ከሆነ እጥፍ ካሳ የሚከፍል አንቀጽ ነበረው። ኬይን «ደብል ኢንደምኒቲ»ን ከዚህ ተነስቶ ጻፈው። ርዕሱም እጥፍ ካሳ ማለት ነው።

ታዲያ ታሪኩ ወደ ፊልም ለመግባት ስምንት ዓመት ገደማ ፈጀ። ምክንያቱ ሳንሱር ነው። ከ1934 ጀምሮ ጆሴፍ ብሪን የሚመራው ቢሮ የሆሊውድን ስክሪፕት ሁሉ አስቀድሞ ያይ ነበር። ወንጀለኛ ማምለጥ የለበትም። ምንዝር ደስ የሚል ሆኖ መታየት የለበትም። አገዳደሉም በዝርዝር መታየት የለበትም። ሳንሱር ባለበት የጻፈ የእኛ አገር ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል፤ ሰምና ወርቅ ነው የሚመጣው። በፊልሙ ሻጩ መኪናው ውስጥ ከኋላ ወንበር ሥር ተደብቆ ባልየውን ያንቀዋል። ካሜራው ግን ወደዚያ ዞር አይልም። መሪውን የያዘችው ሚስቲቱ፣ ተዋናይቷ ባርባራ ስታንዊክ፣ ፊት ላይ ቆሞ ይቀራል። ወደፊት መንገዱን ታያለች። ጎኗ ትግል አለ፤ እኛ አናየውም፣ እሷም አታየውም። ፊቷ ላይ ግን የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ሲዘረጋ እናያለን። ግድያውን ቢያሳዩን ኖሮ ይህን ያህል አይከብደንም ነበር።

ድህነትም የራሱን አዋጥቷል። አሜሪካ ጦርነት ውስጥ ስለነበረች መንግሥት በ1942 ለአንድ ፊልም አዲስ መድረክ መሥሪያ ከ5,000 ዶላር በላይ ዕቃ እንዳይወጣ ገደበ። እንጨትና ሚስማር ለጦርነቱ ይፈለጋል። እንግዲህ ግድግዳው ግማሽ ብቻ ከሆነ ግማሹን ጥላ ይሸፍነዋል። ኤድጋር ኡልመር በ1945 «ዲቱር»ን የሠራው ከትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ውጭ፣ በጣም በትንሽ ገንዘብ ነው። ሁለት ፍቅረኛሞች ሌሊት በኒው ዮርክ መንገድ ሲሄዱ የሚያሳይ ትዕይንት አለው። መንገድ የሚባል ነገር የለም። ጭጋግና የመንገድ ምልክት ብቻ ነው። ጭጋጉ የሌለውን ከተማ ደብቆልናል፤ ግን ሁለቱ ሰዎች የትም የማይደርሱ መሆናቸውንም አብሮ ነገረን። እጥረትን እንዲህ ወደ ትርጉም የሚለውጥ ሰው ያስቀናኛል። በትንሽ በጀት ፊልም የሚሠሩ ወጣቶቻችን ይህን ፊልም ደጋግመው ቢያዩት ደስ ይለኛል።

የሚገርመው፣ ሰዎቹ ሲሠሩ «ኖዋር» እየሠራን ነው አላሉም። ስሙ ኋላ ከፓሪስ ነው የመጣው። ፈረንሳይ በጀርመን በተያዘችባቸው ዓመታት የአሜሪካ ፊልም አይገባም ነበር። በ1946 በሩ ሲከፈት የዓመታት ፊልም አንድ ላይ ጎረፈ። «ዘ ማልቲዝ ፋልከን»፣ «ላውራ»፣ «ደብል ኢንደምኒቲ» በአንድ ክረምት ታዩ። በየዓመቱ አንድ አንድ እያለ ያየው አሜሪካዊ ያላስተዋለውን፣ በአንድ ጊዜ ያየው ፈረንሳዊ አስተዋለ። ኒኖ ፍራንክ የተባለ ሐያሲ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ «ፊልም ኖዋር»፣ ጥቁር ፊልም፣ አላቸው። ስሙ እስከ ዛሬ ቀረ።

ስለ ሴቶቹ አንድ ነገር ልበል። የኖዋር ሴት ሲባል ወንድን ወደ ገደል የምትመራ ቆንጆ ትመጣብናለች። በጦርነቱ ጊዜ ሴቶች ፋብሪካ ገብተው ደመወዝ ማግኘት ለምደው ነበር፤ ከግንባር የሚመለሰው ወንድ ይህን እንዴት እንደሚቀበለው አያውቅም። ያ ፍርሃት ፊልሞቹ ውስጥ አለ፤ መካድ አይቻልም። ግን ስታንዊክን ደግሜ ባየኋት ቁጥር የሚታየኝ ሌላ ነው። ታሪኩን የሚነግረን ሻጩ ነው። ክፋቷን የምንሰማው ከገዳይ አፍ ነው። ገዳይ ደግሞ ጥፋቱን የሚያካፍልበት ሰው አያጣም። በሌላ ወገን፣ ካሜራው ጀርባም ሴት ነበረች። ተዋናይቷ አይዳ ሉፒኖ በ1953 «ዘ ሂች ሃይከር»ን ዳይሬክት አደረገች። ሁለት ጓደኛሞች መንገድ ላይ አንድ ሰው ይጭናሉ፤ ሰውየው ሽጉጥ ያወጣል። አንዱ ዓይኑ ተኝቶም አይከደንም። ታጋቾቹ ነቅቶ ይሁን ተኝቶ ማወቅ አይችሉም። ያቺ ዓይን ብቻ ፊልሙን ትሸከመዋለች።

ከዚያ ፍርሃቱ ከፊልም ወጥቶ ወደ ሠሪዎቹ መጣ። በ1947 የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ሆሊውድ ውስጥ ኮሚኒስት መፈለግ ጀመረ። በዚያው ዓመት አይሁድ ጠልነትን የሚያወግዘውን «ክሮስፋየር»ን የሠሩት ዳይሬክተሩ ኤድዋርድ ድሚትሪክና ፕሮዲውሰሩ አድሪያን ስኮት ሁለቱም ተከሰው በ1950 ታሰሩ። ጁልስ ዳሲን አገሩ ውስጥ ሥራ ስለተከለከለ ወደ አውሮፓ ሄደ። በ1955 ፓሪስ ላይ «ሪፊፊ»ን ሠራ። አራት ሌቦች የጌጣ ጌጥ መደብር ጣሪያ ይቦረቡራሉ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ንግግር የለም፣ ሙዚቃ የለም። ፍርስራሹ ወድቆ እንዳይሰማ ዣንጥላ በቀዳዳው አሾልከው ከሥር ይዘረጋሉ፤ ስሚንቶው ዣንጥላው ውስጥ ይራገፋል። እያየሁ ትንፋሼን ይዣለሁ። ዛሬ በየስርቆት ፊልሙ የምናየው ጥንቃቄ አብዛኛው የዚያ ዣንጥላ ልጅ ነው። ከበርሊን ሆሊውድ የተሰደደው ጥበብ፣ ከሆሊውድ ደግሞ ወደ ፓሪስ ተሰደደ።

የኖዋርን ተጽዕኖ ሳስብ ከሁሉም በላይ የሚነካኝ ግን የቶኪዮው ነው። አኪራ ኩሮሳዋ በ1949 «ስትሬይ ዶግ»ን ሠራ። ጃፓን ተሸንፋለች፤ ከተማው ፍርስራሽ ነው፤ በጋ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ላብ በላብ ሆኗል። አንድ ወጣት ፖሊስ በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ ሽጉጡን ይሰረቃል። በሽጉጡ ሰው ይገደላል። ፖሊሱ የቀድሞ ወታደር መስሎ ጥቁር ገበያውን ያስሳል፤ ካሜራው ጫማውን፣ ዓይኑን፣ የተራቡ ሰዎችን እየተከተለ ረጅም ደቂቃዎች አብሮት ይሄዳል። በኋላ የምንሰማው ነገር አለ። ገዳዩ ከጦር ሜዳ ሲመለስ የጀርባ ቦርሳውን ተሰርቋል፤ ያለው ሁሉ ያ ነበር። ፖሊሱም ሲመለስ በተመሳሳይ ተሰርቋል። አንዱ ፖሊስ ሆነ፣ አንዱ ወንበዴ። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ጭቃ ውስጥ ተናንቀው ሲወድቁ ማንኛቸው ማን እንደሆነ ለመለየት ይቸግራል። ይህ ፊልም አብዛኛው ፀሐይ ላይ ነው የተቀረጸው። ሆኖም ከብዙ ጨለማ ፊልም ይልቅ ኖዋር ነው።

ወደ ቦምቤይም ደርሷል። ጉሩ ደት በ1951 «ባዚ»ን ሲሠራ ቁማር ቤቱንና የሲጋራ ጭሱን ከዚያው ወስዶ ዘፈን ጨመረበት። የህንድ ፊልም እያየን ላደግን ሰዎች፣ ኖዋርን ስሙን ሳናውቅ አይተነዋል ማለት ነው።

በአሜሪካ በ1974 የመጣው «ቻይናታውን» ነገሩን እንደገና ከፈተው። ፊልሙ በቀለም ነው። ጠራራ ፀሐይ ነው። ምርመራውም ስለ ውሃ ነው፤ ሎስ አንጀለስ ከሩቅ ሸለቆ ውሃ ስቦ ያደገ ከተማ ነው፤ ቦዩ በ1913 ነው የተከፈተው። ጸሐፊው ሮበርት ታውን ያንን እውነተኛ ታሪክ ወደ 1937 አምጥቶ ልብ ወለድ አደረገው። ሀብታሙን ጨካኝ ሽማግሌ የሚጫወተው ጆን ሂውስተን ነው፤ በ1941 «ዘ ማልቲዝ ፋልከን»ን ዳይሬክት ያደረገው ራሱ ሂውስተን። አባት ተመልሶ የልጁ ፊልም ውስጥ ክፉውን ሰው ሆኖ ተቀመጠ። በድሮዎቹ ፊልሞች ሳንሱሩ ስላለ ወንጀለኛው ይቀጣል። እዚህ ሳንሱሩ የለም። ሽማግሌው ምንም አይሆንም፤ የሚፈልገውን ይዞ ይሄዳል። ያንን መጨረሻ ጥቁር የሚያደርገው መብራት አይደለም።

ከስምንት ዓመት በኋላ «ብሌድ ራነር» ኖዋርን ወደ ፊት፣ ወደ 2019 ላከው። ዝናቡ፣ ጭሱ፣ ባለዘርዛራው መጋረጃ ሁሉም አሉ። ሎስ አንጀለስ የሚገኘው፣ የብረት ደረጃ ያለው የብራድበሪ ሕንጻም አለ። በዚያው ሕንጻ «ዲ.ኦ.ኤ.» የተባለው የ1950 ፊልም ጀግና፣ ራሱ ስለተገደለበት ወንጀል ፖሊስ ጣቢያ መጥቶ ያመለከተው ሰው፣ ገዳዩን ይጋፈጣል።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። ኖዋር የዕቃ ዝርዝር ሆነ። ኮፍያ፣ ዝናብ፣ ኒዮን መብራት፣ ሲጋራ፣ አሳዛኝ ሳክስፎን። እነዚህን ደርድሮ ኖዋር ሠራሁ የሚል ብዙ ነው። ግን ሰውየው ምን እንደፈራ፣ ምን እንደበላው አናውቅም። ያኔ ጥላው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይሆናል።

«ሪፕሊ»ን የወደድኩት ይህን ስላልሠራ ነው። አጭበርባሪው ሰው ይገድላል። ተከታታዩ ግን ግድያውን አሳይቶ አይሮጥም። ሬሳ ሲጎተት ክብደቱን እናያለን። ደም ሲጠረግ ጨርቁን እናያለን። ደረጃ ስንወጣ እያንዳንዱን ደረጃ እንወጣለን። መሃል ላይ ካራቫጆ ይመጣል፤ በብርሃንና በጨለማ የሳለውና ራሱም ሰው ገድሎ የተሰደደው የጣሊያን ሠዓሊ። ሪፕሊ ሥዕሎቹ ፊት ሲቆም ፊቱ በተመሳሳይ መንገድ ግማሹ በርቶ ግማሹ ጠፍቶ ይታያል። እዚያ ላይ ብርሃኑ ሥራ አለው።

ወደ መጀመሪያው ፊልም ልመለስ። ሻጩ ዋልተር ኔፍ ቢሮ ውስጥ አንድ የሚወደው የሥራ ባልደረባ አለው፤ የሐሰት የካሳ ጥያቄ የሚያጋልጠው ኪይስ። ኪይስ ሲጋር አፉ ላይ አያጣም፤ ክብሪት ግን ኪሱ ውስጥ አይገኝም። በየጊዜው ኔፍ ክብሪቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ጭሮ ያቀጣጥልለታል። ዋይልደር ለፊልሙ ማብቂያ ኔፍ በጋዝ ክፍል ሲቀጣ የሚያሳይ ትዕይንት በብዙ ድካም አሠርቶ ቀርጾ ነበር። ከዚያ ቆርጦ ጣለው። አሁን የምናየው መጨረሻ ሌላ ነው። ኔፍ ቆስሎ የቢሮው በር ሥር ተደግፎ ወድቋል። ኑዛዜውን ኪይስ ሰምቷል። ኔፍ ሲጋራ አፉ ላይ ያደርጋል። ክብሪቱን ለመጫር ይሞክራል፤ እጁ አልታዘዝ አለው። ኪይስ አጠገቡ በርከክ ይልና ክብሪቱን ከእጁ ወስዶ፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጭሮ ያቀጣጥልለታል።